ኮሽም ብለው የሚሸጡልን ችግኝ፦ የትኛው ኮሽም ነው?

ክረምት ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ በወንዝ ዳርና በአስፋልት ጠርዝ ያሉት ችግኝ መሸጫዎች ጢም ብለው ይሞላሉ። ከፊት የሚደረደረው ዘንባባው፣ ጽጌረዳውና አቮካዶው ነው። ከኋላ፣ ጥግ ይዘው፣ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ የቆሙ፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሲያልፉባቸው እሾሃቸው ልብስ የሚይዝ ትንንሽ ችግኞች አሉ። ሻጩን ምንድን ነው ቢሉት «ኮሽም ነው፤ ለአጥር ነው» ይላል። እዚህ የምንገመግመው ይህንኑ ችግኝ ነው።

ፍርዳችንን አናቆየውም። ኮሽም ከ1,700 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋችን ለዘመናት የኖረ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይራቆት፣ ፍሬው ለሰውም ለወፍም የሚሆን፣ ጠባብ ግቢ የማይከብደው ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለወፍና ለንብ ብሎ አንድ ዓይነት አገር በቀል የፍሬ ዛፍ ብቻ ለሚተክል ሰው ከኮሽም የተሻለ ምርጫ አናውቅም። ችግኙ እንደ ሸቀጥ ሲታይ ግን ሦስት ጉድለት አለበት፤ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ዛፍ ይሸጣል፣ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይታወቅም፣ ዋጋውም የሚተመነው በቁመቱ ነው። ገዢው ሦስቱንም ካወቀባቸው በቀላሉ ያልፋቸዋል። ካላወቀባቸው አምስት ዓመት ውኃ አጠጥቶ አንድም ፍሬ የማይሰጥ እሾህ ይዞ ይቀራል።

ከስሙ እንጀምር። ኮሽም የሚባሉት ዛፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የራሳችን ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዶቪያሊስ አቢሲኒካ ሲሆን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ጀምሮ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊ ድረስ በደን ዳርና በወንዝ ዳር ይበቅላል። ሁለተኛው ዶቪያሊስ ካፍራ ነው፤ በእንግሊዝኛ ኬይ አፕል የሚሉት፣ ስሙንም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ካለው ከኬይ ወንዝ ያገኘው። አጥርነቱ ስለተወደደለት በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በብዛት ተተክሏል፤ በእኛም ከተሞች የቆዩ ግቢዎችን አጥሮ የቆመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ኮሽም» ሲል አልዋሸም፤ ዘሩ የተለቀመበት ዛፍም በሰፈሩ ሰው አፍ ኮሽም ነው። አገር በቀል እተክላለሁ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ግን የደቡብ አፍሪካውን ታቅፎ ሊመለስ ይችላል።

ልዩነቱን የሚናገረው ቅጠሉ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው ጠጋ ብለው ይዩት። የደቡብ አፍሪካው ቅጠል ከእሾሁ ስር፣ በአጫጭር ጉጦች ላይ፣ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ላይ ተሰባስቦ ይወጣል። ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ አንዳንዱም ጫፉ መሃል ላይ ትንሽ ሰርጎድ ይላል። ጠርዙ ልሙጥ ነው። የእኛው ቅጠል በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጠርዙም ላይ ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ያለ ጥርስ አለው። ቀለሙ ጥልቅ አረንጓዴ ሆኖ ቅባት እንደተቀባ ያብለጨልጫል። አንድ ቅጠል አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ለጋ ችግኝ ላይ ቅጠሎቹ ሊለያዩ ስለሚችሉ ከሦስት አራት ችግኝ ላይ አሥር ያህል ቅጠል ቢያዩ አይሳሳቱም።

ፍሬ ያለበት እናት ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም። የደቡብ አፍሪካው ፍሬ ደማቅ ቢጫ፣ ልሙጥ፣ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ነው። የእኛው አነስ ይላል፤ ለጋው ፍሬ በጣም ስስ ጠጉር አለው፣ ሲበስል ወደ ብርቱካን ቀለም ይሄዳል፣ ከቅርንጫፉ ጋር በሚያያዝበት በኩል የደረቀው የአበባ ሽፋን እንደ ኮሌታ ተጣብቆበት ይቀራል። ይህችንም ኮሌታ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አብረው ይዩ። ሻጩ ዘሩን ከየት እንዳመጣው መናገር ከቻለ፣ ያ ቦታም የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የተፈጥሮ ጫካ ዳር ከሆነ፣ ጥሩ ምልክት ነው። «ከጅምላ ነው የወሰድኩት» ካለ ቅጠሉን ማመን ነው።

የደቡብ አፍሪካውን ለማንቋሸሽ አይደለም። ድርቅ ይችላል፣ ፍሬው ይበላል፣ ወፍም አይንቀውም። ነገር ግን የራሳችንን ዛፍ ወደ ከተማ ለመመለስ የሚደክም ሰው የሚፈልገውን ስም ብቻ ሳይሆን ዛፉንም ማግኘት አለበት። ከየደን ዳሩ እየተመነጠረ የሚያልቀው የእኛው ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚገባውም እሱ ነው። ዘሩ ከየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው አካባቢ እንደተለቀመ የምትገልጽ ትንሽ ወረቀት በፕላስቲኩ ላይ ብታርፍ ሻጩን ብዙም አታስወጣውም፤ ገዢው ግን ለእሷ ብሎ ጨመር አድርጎ ቢከፍል አይቆጨውም።

ኮሽም ግቢ ውስጥ ምን ይስባል? ፍሬው መብሰል ሲጀምር መጀመሪያ የሚደርሱት ጭራቸው ከአካላቸው የሚረዝም፣ አናታቸው ላይ ጉትያ ያላቸው፣ በመንጋ እየተንጠላጠሉ የሚበሉ ቡናማ ወፎች ናቸው። አንዴ ከሰፈሩበት ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው በእግራቸው ጭምር እየተሳቡ ያዳርሱታል። ዋኖሶች ከስር የረገፈውን ይለቅማሉ። በእንጦጦና በጉለሌ በኩል፣ ትልልቅ ዛፍ በተረፈባቸው የቆዩ ግቢዎችም፣ ጉንጯ ነጭ ሆኖ ስትበር የክንፏ ቀይ ቦግ የሚለው ሶሪት የፍሬ ዛፍ ፈልጋ ትዞራለች። አበባው ለዓይን የማይሞላ ቢሆንም የወንዴው ዛፍ ብናኝ ንብ ይጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ዋጋ ያለው እሾሁ ነው። ጥቅጥቅ ባለ የኮሽም አጥር ውስጥ ድመት አይገባም፤ ጭልፊትም አይጠልፍም። ትንንሾቹ ወፎች ጎጆ የሚሰሩት እዚያ ነው። የሲሚንቶ አጥር ላይ ከተደረደረ ጠርሙስ ስባሪ ይልቅ ይህ አጥር ሌባ ይከላከላል፣ ወፍም ያኖራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉድለት። ፓፓያ ያሳደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ኮሽምም ወንዴና ሴቴ አለው። ወንዴው ያብባል፣ አያፈራም። ሴቴዋ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ታብባለች፣ አበባው ይረግፋል። ከዘር የበቀለ ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ደግሞ ጾታው በምንም አይለይም። ቅጠሉ ሰፋ ያለው ሴቴ ነው፣ እሾሁ የበዛው ወንዴ ነው የሚለው የገበያ ወሬ ነው። አንድ ሜትር ያልሞላ ከዘር የወጣ ችግኝ ይዞ «ይህቺ ሴቴ ናት» የሚል ሻጭ እያስገዛ እንጂ እያወቀ አይደለም። ጾታው አስቀድሞ የሚታወቀው ችግኙ ካፈራች ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ የተጣበቀ ወይም ስር እንዲያወጣ የተደረገ ከሆነ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ኮሽም በመንገድ ዳር መሸጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ስንት ይገዛል? ወንዴና ሴቴ እኩል ይመጣሉ ብለን ብናሰላ፣ ሁለት ችግኝ የገዛ ሰው ሁለቱም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስት ቢገዛ አንድ አራተኛ ይሆናል። አራት ቢገዛ አንድ ስምንተኛ፣ አምስት ቢገዛ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ስድስት ቢገዛ ደግሞ ከ32 አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ስድስት ነው። ስድስት ኮሽም በ1.5 ሜትር ልዩነት ቢተከል ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.5 ሜትር አጥር ይወጣዋል፤ አብዛኛው ግቢ ከአንዱ ጎኑ ይህን አያጣም። ቦታ የሌለው ሰው ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ሦስት ሦስት መትከል ይችላል፤ ንብ የጎረቤት አጥር አትቆጥርም። አንድ ወንዴ ለብዙ ሴቴ ይበቃል። አንድ ብቻዋን የቆመች ኮሽም መግዛት ግን፣ በአካባቢው ሌላ ያበበ የእኛ ኮሽም መኖሩን ካላረጋገጡ በቀር፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓመት ገደማ ሲያብቡ ማየት ቀላል ነው። የኮሽም አበባ ቄጤማ የመሰለ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ ባለ ቀለም የአበባ ቅጠል የለውም፤ ስለዚህ ፈልገው ካላዩት ያልፍዎታል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ይፈልጉ። ብዙ አበባ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱም መሃል እንደ ብሩሽ ጠጉር የበዛ ክር ከወጣ ወንዴ ነው። አንድ አበባ ብቻዋን ሆና፣ መሃሏ ላይ ጠጉር ያለባት ትንሽ አረንጓዴ እብጠት ካለች ሴቴ ናት። በስልክ ካሜራ አቅርቦ ፎቶ ማንሳት ከዓይን ይሻላል። ያኔውኑ ሴቴዎቹ ላይ ክር አስረው ምልክት ያድርጉ፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ማን ማን እንደነበረ ይጠፋል።

ሦስተኛው ጉድለት የቁመት ዋጋ ነው። በየመሸጫው የ30 ሳንቲ ሜትሩ ርካሽ፣ የአንድ ሜትሩ ውድ ነው፤ ገዢውም ጊዜ የገዛ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሜትር የደረሰ ኮሽም በዚያች 10 ሳንቲ ሜትር በምትሰፋ ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። ስሩ ወደ ታች ሲሄድ ከፕላስቲኩ ወለል ይጋጫል፣ ይታጠፋል፣ ዙሪያውን እየዞረ ራሱን ይጠመጥማል። ተተክሎም ያ ጥምጥም አይፈታም። ሁለት ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና ግንዱ ሲወፍር ስሩ ራሱን አንቆ ዛፉ ማደጉን ያቆማል፣ ወይም ንፋስ ሲመጣ ከነስሩ ይወድቃል። ሌላም አለ። መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ችግኝ ስሩ ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ሻጩ ሲያነሳው «ጭርር» ብሎ የሚበጠሰው እሱ ነው። እንዲህ የተነቀለ ችግኝ በሳምንቱ ቅጠሉን ያረግፋል።

ጥሩ ችግኝ ይህን ይመስላል፤ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ከአፈሩ በላይ ያለው ግንዱ የእርሳስ ውፍረት የደረሰ፣ ቅርንጫፉ ከታች የጀመረ፣ ቅጠሉ ያልገረጣ፣ የፕላስቲኩ ጥልቀት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር። ግንዱን በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ወዝወዝ ያድርጉት፤ ከአፈሩ ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ስሩ ይዞታል፣ በአፈሩ ውስጥ ብቻውን ከተወዛወዘ ገና ነው፣ ወይም ቅርብ ጊዜ ተነቅሎ የተዛወረ ነው። ከስር ያሉትን ቀዳዳዎች ይዩ፤ ጫፉ ነጭ የሆነ ቀጭን ስር ብቅ ቢል ጥሩ ነው፣ እንደ ገመድ የወፈረ ቡናማ ስር ከወጣ ይተውት። ከስድስቱ የአንዱን ዋጋ ከፍለው እዚያው ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው ይዩት። ዋናው ስር እንደ ከዘራ እጀታ ታጥፎ ካገኙት ችግኙ ሲዛወር በችኮላ ተተክሏል ማለት ነው፤ አንድ ላይ የተዛወሩት ሁሉ እንደዚያው የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ስለሆነ ሌላ መሸጫ ይሞክሩ።

አተካከሉ ላይ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፤ 50 ሳንቲ ሜትር በ50፣ ጥልቀቱም 50። ሲቆፍሩ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ይከምሩ። አንድ ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ከላይኛው አፈር ጋር ይደባልቁ። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ፤ ስሩን ያቃጥለዋል። መትከያው ከሰኔ ማብቂያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ያኔ የገባ ችግኝ መስከረም ሳይወጣ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ ስሩን ያወርዳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ግን ስሩን ሳይዘረጋ የጥቅምት ፀሐይና የኅዳር ውርጭ ይጠብቁታል።

ፕላስቲኩ መውጣት አለበት። ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለን፤ ነገር ግን በየክረምቱ ከነፕላስቲኩ የሚቀበረው ችግኝ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ፕላስቲኩን በሁለት ወገን በምላጭ ቀዶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ በሁለት እጅ ደግፎ ማስገባት ነው። ከታች በኩል አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩን ከነታጠፈው ስር ጭምር በምላጩ ቆርጦ መጣል ይጠቅማል፤ የተቆረጠው ስር አዲስ ቀጥ ያለ ስር ያወጣል። ግንዱና ስሩ የሚለዩበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከዚያ በላይ አፈር ከተቆለለበት ግንዱ ይበሰብሳል። በእግር ረገጥ ረገጥ አድርገው 10 ሊትር ውኃ ያጠጡት፣ ዝናብ ቢኖርም። ውኃው አፈሩን ከስሩ ጋር ያጣብቀዋል።

የግቢው አፈር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜኑ በኩል ባለው ቀይ አፈር ኮሽም ብዙ አያስቸግርም። በአቃቂና በቃሊቲ በኩል እንዳለው ያለ መረሬ ግን ክረምት ላይ ውኃ ያቁራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ኮሽም ውኃ በቆመበት አይኖርም፤ በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲንጠባጠብ ውኃ ያነሰው መስሏቸው የሚያጠጡት አሉ፣ ስሩ እየበሰበሰ ነው። በመረሬ ላይ ጉድጓድ አይቆፍሩ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አንድ ሜትር የሚሰፋ ጉብታ ሠርተው እሱ ላይ ይትከሉ። አዲስ በተሠራ ቤት ግቢ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አጥሩ ስር ያለው አፈር ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። ሲሚንቶ የተቀላቀለበት አፈር ላይ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ይገረጣል፤ ማዳበሪያ ቢጨምሩለትም አይመለስም። ፍርስራሹን 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ አውጥቶ በደህና አፈር መተካት ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር ይበቃዋል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ችግኝ ማለት ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ስሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ይጎዳዋል። በልግ ከዘነበ ያን ሳምንት ይዝለሉት። በሁለተኛው ዓመት በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ከሦስተኛው በኋላ በጣም ከደረቀ ብቻ። ከስሩ ዙሪያ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል የደረቀ ሣርና ቅጠል ጉዝጓዝ ያድርጉ፤ ግንዱን ግን አይንካው፣ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ይበል። ምስጥ ባለበት ቦታ ጉዝጓዙ እርጥብና የበሰለ ኮምፖስት ቢሆን ይሻላል።

አገራዪቱ ውስጥ ብዙ ኮሽም ተተክሎ ጥቂት ፍሬ የሚታይበት ትልቁ ምክንያት መቀስ ነው። አጥር ነው ተብሎ በየወሩ ይከረከማል፤ አበባው የሚወጣው ግን ሳይነካ በቆየው ቅርንጫፍ ላይ ነው። የተከረከመ አጥር ያምራል፣ አያፈራም። መፍትሔው አጥሩን በሁለት ከፍሎ ማሰብ ነው፤ በመንገድ በኩል ያለው ፊት ዓመት በዓመት ይስተካከል፣ በግቢ በኩል ያለው ይለቀቅ። ክርከማውም ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ይሁን እንጂ አበባ ይዞ አይቆረጥ። ቁመቱን ከ2.5 ሜትር በታች አያውርዱት፤ ወፎቹ ከሰው እጅ በላይ ነው የሚፈልጉት። ሲቆርጡ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ እሾሁ ቀጥ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ነው፣ የመኪና ጎማ ሳይቀር ይበሳል። ከመተላለፊያና ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ 1.5 ሜትር ይራቅ። የተቆረጠውን እሾህ አያቃጥሉት፤ በአዲስ ችግኝ ዙሪያ ሲከመር ፍየልና በግ የማይደፍሩት አጥር ነው።

ተባዩ ጥቂት ነው። ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካዩ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፉ ቅርፊት መሳይ ነፍሳት ይኖራሉ፤ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ በጨርቅ ማጠብ ይበቃል። የፍሬ ዝንብ ትል የገባበትን ፍሬ ከመሬት ለቅሞ መቅበር ነው። መርዝ አይረጭም፤ ለወፍ የተተከለ ዛፍ ላይ መርዝ መርጨት ወፏን ጠርቶ መመረዝ ነው።

ከኮሽም ሌላ ምን አለ ለሚል፦ ዋንዛ ለሰፊ ግቢ የሚሆን ነጭ አበባው ንብ የሚያሰክር ትልቅ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ግን ብዙ ይረግፋል፤ ውርጭም አይወድም። ዶቅማ እርጥብ ቦታ ይፈልጋል፤ ዘሩም ከደረቀ ስለሚሞት ሳይቆይ መዘራት አለበት። ሾላ ለወፍና ለሌሊት ወፍ ከሁሉም በላይ ነው፤ ስሩ ግን ቤት አጠገብ አይታመንም። አጋም ለጠባብ ቦታ ከኮሽም ጋር ተቀላቅሎ ቢተከል ያምራል።

ችግኝ ከመግዛት ዘሩን ማፍላት ለሚመርጥ ሰው የተረጋገጠ የእኛ ኮሽም ማግኛው መንገድ ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ የበሰለ ፍሬ ከብዙ ዛፍ ይልቀሙ። ውኃ ውስጥ ጨምቀው በወንፊት ላይ እያሹ ሥጋውን ያስለቅቁት፤ ሥጋው የቀረበት ዘር ይሻግታል። ሁለት ቀን በጥላ አድርቀው ሳይቆይ ይዝሩት። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው በፕላስቲክ ይሙሉ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ዘር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ከላይ የሣር ጥላ ያድርጉለት። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ይንቀሉ። በመስከረምና በጥቅምት የተዘራ ለሚቀጥለው ሰኔ ይደርሳል፤ ከመተከሉ አንድ ወር በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ ማንሳትና ውኃውን መቀነስ ፀሐይ ያስለምደዋል።

አሜሪካ፣ በተለይ ፍሎሪዳ ላሉ አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እዚያ «ትሮፒካል አፕሪኮት» ተብሎ የሚሸጠው ዛፍ የእኛው ኮሽም ከስሪላንካው ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ስሙ አጠገብ «አቢሲኒካ» ስለተጻፈ ብቻ እናት ቤት የምናውቀው ኮሽም ነው ማለት አይደለም። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ መውሰድም ያለ ሕጋዊ ወረቀት አይፈቀድም።

ፍሬው ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው፣ ሽታው አፕሪኮትን ያስታውሳል። ለማርማላታ ግማሽ ለግማሽ ከፍለው ዘሩን በማንኪያ አውጥተው፣ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ከ700 እስከ 800 ግራም ስኳር ጨምረው፣ በዝግታ እሳት እያማሰሉ ያበስሉት። አሲድ ስለሆነ በአሉሚኒየም ድስት አያብስሉት። የላይኛውን ቅርንጫፍ ፍሬ ለወፎቹ ይተዉላቸው፤ እዚያ ላይ ለመውጣትም እሾሁ አያስኬድም።

አብበው ከተለዩ በኋላ ከስድስቱ አራቱ ወንዴ ቢሆኑ አይንቀሏቸው። አጥርነታቸውን አላጡም፣ ንቧም ትፈልጋቸዋለች። አንዱን ወይም ሁለቱን ወንዴ እንዳለ ትተው፣ የቀሩትን ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆርጠው፣ ከጉቶው የወጣው አዲስ ቡቃያ እርሳስ ሲያክል ከሚያፈራው ዛፍ የተወሰደ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ማጣበቅ ይቻላል። ሁለቱም በሹል ምላጭ ሰያፍ ይቆረጡ፣ ቅርፊት ከቅርፊት ይገጥም፣ በስስ ፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ከታች የሚወጣው የወንዴው ቡቃያ በየሳምንቱ በጣት ይቀጠፍ። የተጣበቀው ቅርንጫፍ ካፈራ ዛፍ የመጣ ስለሆነ ከዘር እንደበቀለው ብዙ ዓመት አያስጠብቅም።